አርባ ስምንት ቤት፣ አንድ መልስ

ኡትሬክት፣ ጥቅምት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእትዬ በለጠች፤

የመንዝ ውርጭ እንደምን ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? በጎቹስ እንደምን ከረሙ? እኔ በእመቤታችን ጥበቃ ደህና ነኝ። እዚህ ኔዘርላንድ ከዝናቡና ከነፋሱ በቀር የሚከፋ ነገር የለም፤ እሱንም ቢሆን ጓሳ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው አይፈራውም።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለሰላምታ ብቻ ሳይሆን ለልመናም ነው። ባለፈው ክረምት ስመጣ የምማረው ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ፣ "ሰው ገቢው ሲያድግ ደስታውም አብሮ ያድጋል ወይ የሚል ጥናት ነው" ብልዎ፣ "ታዲያ ይሄን ለማወቅ ባሕር መሻገር ምን አስፈለገ? እኔን አትጠይቂኝም ነበር?" ብለው በሳቅ ፈረሱ። እነሆ ጊዜው ደረሰና ልጠይቅዎ ነው። እርስዎን ብቻ አይደለም፤ በቀበሌዎ አርባ ስምንት ቤት ይጠየቃል።

መምህር ስንታየሁ የሚባል ሰው ከመሐል ሜዳ ይመጣል። በዓመት ምን ያህል ገብስ እንዳገባችሁ፣ ስንት በግ እንዳላችሁ፣ ጣሪያችሁ ሣር ይሁን ቆርቆሮ ይጠይቃል። በመጨረሻ አንዲት ጥያቄ አለች፤ የጥናቴ ልብ እሷ ናት። "አስር እርከን ያለው መሰላል ያስቡ። ከላይ ያለው አስር የሚመኙት ኑሮ ነው፤ ታች ያለው ዜሮ ደግሞ የከፋው ኑሮ ነው። ዛሬ እርስዎ ስንተኛው ላይ ቆመዋል?" ትላለች። ሰው ራሱን ከጎረቤቱ ጋር እያስተያየ ነው ወይ የሚደሰተው የሚለውን የምናውቀው ከዚህች መልስ ነው። ጎረቤቶችዎ እርስዎን ይሰማሉና "እንግዳ ነው እንጂ ግብር ሰብሳቢ አይደለም" ብለው ያስታውቁልኝ።

አባባ ከደብረ ብርሃን ሰላም ብሎዎታል። ያው ያውቁታል፤ ባለቤትዎ ጋሼ ማዕረግ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናቸውም ዛሬም የወንድሙ ስም ሲነሳ ድምፁ ይለወጣል። የወንድሙን ቤት ብቻዎን አቅንተው መኖርዎን ለሰው ሁሉ እየነገረ ይኮራብዎታል።

የዚህን ደብዳቤ መልስ ለስንታየሁ ይስጡት፤ መሐል ሜዳ ሲመለስ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል።

ልጅዎ አርሴማ ጌጡ


ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአርሴማ፤ ሰላምታዬ ጓሳ ላይ ከሚያድረው ጤዛ ይብዛ።

እኔ ቸሩ መድኃኔ ዓለም የተመሰገነ ይሁን፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር አንዳች አልጎደለብኝም። ጉልበቴም ድኗል። ጽሕፈቴን አትታዘቢኝ፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀምኩት ፊደል ነው፣ ዓይኔም ሰነፍ ሆኗል። ከቻልሽ የንባብ መነጽር ላኪልኝ።

የላክሽው መምህር ደርሶልናል። እንዴት ያለ የጨዋ ልጅ መሰለሽ! በከተማ ጫማ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ሲደርስ እግሩ ተልጦ ነበር። ውሃ አሙቄ አሳጠብኩትና የበግ ጠጉር ባና አልብሼ አሳደርኩት። በሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ እንደተሰበሰበ ጥያቄዎቹን አንድ ሳያስቀር ጮክ ብሎ አነበበልን፤ የተደበቀ ነገር እንደሌለው እንድናውቅ ብሎ ነው። ከዚያ ስምንት ቀን ቤት ለቤት ዞረ። አንድም ሰው አላስቸገረውም። ሁሉም መልሱን አዘጋጅቶ ነው የጠበቀው።

ከጎረቤት ጋር ስለመተያየት ያልሽው ነገር እውነት አለው። የጓሳ ኮሚቴ ሊቀመንበራችን አቶ ወልደ ሥላሴ፣ ሰማንያ በግ ያላቸው፣ ቤታቸውን ቆርቆሮ ያለበሱ ሳምንት ያገሩ ሰው ሁሉ "ጣሪያዬ አፈሰሰ" ማለት ጀመረ። ዝናብ ግን አልነበረም። የእኔ ብቻ ነው ያላፈሰሰው። ባለፈው ዓመት ተዘግቶ የቆየው ጓሳ ሲከፈት ባጨድነው ሣር ይታየው እንደ አዲስ ከድኖልኛል። ይታየው ከወንዙ ማዶ ያለው ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ እርሻዬንም የሚያርስልኝ። ታስታውሺው ይሆናል፤ ካላስታወሽውም ግድ የለም።

ለአባትሽ ሰላም በይልኝ። እንዲያው ሰላም በይልኝ ብቻ።

እናትሽ በለጠች


ኡትሬክት፣ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእትዬ በለጠች፤ ለጥምቀቱ በሰላም ያድርስዎ።

መነጽሩን ወደ አገር በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። ደብዳቤዬ አጭር ነው፤ ልቤ አልረጋም።

የስንታየሁን ወረቀቶች ኮምፒውተር ላይ አስገባኋቸው። ገብሱ ከቤት ቤት ይለያያል። በጎቹ ከሁለት እስከ ሰማንያ ናቸው። የመሰላሏ ጥያቄ ላይ ስደርስ ግን አርባ ስምንቱም ቤት "ሰባት" ብሏል። ሰማንያ በግ ያለውም ሰባት፣ ሁለት በግ ያለውም ሰባት። ቆርቆሮውም ሰባት፣ ሣሩም ሰባት። ደግሜ ደግሜ ቆጠርኩት።

አማካሪዬ ፕሮፌሰር አንዴ አይተው "ይህ ሰው መንደሩን አልረገጠም፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ ነው የሞላው" አሉኝ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ምክንያቱን ካላስረዳሁ ቀበሌያችሁ ከጥናቱ ይሰረዛል። እሱስ ይሁን፤ የሁለት ዓመት ድካሜ ቢሆንም እችለዋለሁ። የስንታየሁ ስም ግን "መረጃ የፈጠረ" ተብሎ ይመዘገባል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አያሠራውም። ስደውልለት "ያሉኝን ነው የጻፍኩት፣ እህቴ" አለኝ። ያለቀሰ መሰለኝ።

እትዬ፣ ምን ሆኖ ነው? እውነቱን ይንገሩኝ።

አርሴማ


የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለአርሴማ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ጸሎቴ ከደጅሽ አይጥፋ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣብኝ። ሻይ ቤት! እዚህ የትኛው ሻይ ቤት ነው? ያ ፕሮፌሰርሽ ይምጣና የስንታየሁን የተላጠ እግር ይይ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አገራችን እንዴት እንደሚተዳደር ታውቂያለሽ። ጓሳን ማንም ብድግ ብሎ አያጭድም። ስንት ዓመት ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት፣ ሁሉም ተሰብስቦ ይመክርና አንድ ቃል ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል የለም። ስንታየሁ ጥያቄውን በጉባኤ ፊት አንብቦ ሊያርፍ ወደ ቤቴ ሲገባ ሰዉ አልተበተነም። ለቀበሌው የመጣ ጥያቄ ነው ብለን ተመካከርንበት። የየራሳችሁን ተናገሩ ማለቱ እንደሆነ ማን ጠረጠረ!

መጀመሪያ አንዱ ተነሳና "ጤናችንን ይዘን፣ ዝናቡም ዘንቦልን፣ ከዚህ በላይ ምን አለ? አስር እንበል" አለ። "አስር ካልንማ ጠገቡ ብለው ሴፍቲኔቱን ይነጥቁናል" ተባለና ቀረ። ሌላው "እንግዲያው ሦስት እንበል" ሲል ቄሱ ተቆጡ፤ "ዘንድሮ ይህን የመሰለ ገብስ የሰጠንን አምላክ ልታማርሩ ነው?" አሉ። ደግሞ አንዱ "አንዳችን ስምንት፣ አንዳችን አራት ካልን ነገ በማኅበር ጠላ ላይ እንዴት ዓይን ለዓይን እንተያያለን?" አለ። ይሄ ሁሉንም አሳሰበ። ያን ጊዜ አንድ ሰው "ሰባት ይሁን፤ አያኮራም፣ አያሳፍርም" አለ። አቶ ወልደ ሥላሴ ወዲያው "ሰባት ሆኗል" ብለው በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ። አለቀ።

ስንታየሁ ከዚህ አንዱንም አያውቅም፤ የነገርነውን ነው የጻፈው። ይህን ለፕሮፌሰርሽ አስረጂ።

መነጽሩ ደርሶኛል፤ ዕድሜ ይስጥሽ። ሁሉን አጉልቶ አሳየኝ፤ ፊቴን ጭምር። እንግዲህ ከተገኘ ፊት የሚያለሰልስ ቅባት ላኪልኝ። አንድ የወንድ ሹራብም ጨምሪበት፣ ትከሻው ሰፋ ያለ። ለሰው ነው።

እናትሽ በለጠች


ኡትሬክት፣ የካቲት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእትዬ በለጠች፤ እንኳን ለታላቁ ጾም አደረሰዎ፤ ጾሙን በጤና ያስፈጽምዎ።

ደብዳቤዎን ባቡር ውስጥ እያነበብኩ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለፕሮፌሰሩ ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ስለ ደስታው ለብቻው እንደሚያስብ አድርጌ ጠይቄያለሁ። ስብሰባ ይጠራበታል ብዬ አስቤ አላውቅም" አሉ።

ግን ሰውየው ጠንቃቃ ናቸው። "ቆንጆ ወሬ ነው፣ ማስረጃ ግን አይደለም" አሉኝ። ስንታየሁ ነጻ እንዲወጣ ሁለት ነገር ይፈልጋሉ። አንደኛ፣ ሰባትን ያመጣው ሰው ራሱ፣ ለምን እንዳመጣው በጉባኤ ተናግሮ ሊቀመንበሩ ይፈርሙበት። ሁለተኛ፣ ስንታየሁ ተመልሶ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ይጠይቅ።

እትዬ፣ ያ "አንድ ሰው" ያሉት ማን ነው? ሰውየውን ይለምኑልኝ። የአንድ መምህር እንጀራ በእሱ አፍ ላይ ነው ያለው።

ቅባቱንና ሹራቡን ልኬያለሁ። ሹራቡን የመረጥኩት ግራጫ ነው፤ የሚለብሰው ሰው የስንት ዓመት እንደሆነ አልነገሩኝማ!

ልጅዎ አርሴማ


ሚያዝያ 23 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ አርሴማ፤ ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ።

ሁለት ወር ሊሞላ ነው ዝም ካልኩሽ። መልስ አጥቼ አይደለም፤ መልሱ አፌ ላይ ሆኖ መዋጥም መትፋትም አቅቶኝ ነው። ይህን ደብዳቤ ስንታየሁ ሳያነብ ፎቶ እንዲያነሳው አስምዬዋለሁ። ምሏል፤ ፈገግታው ግን አላማረኝም።

ሰባትን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ስንታየሁ ያቺን የመሰላል ጥያቄ ሲያነብ ልቤ ዘለለ። ቤቴ መጥቶ ቢጠይቀኝ አፌ "አስር" ሊል እንደሆነ አወቅሁት። አሥራ አንድ በግ ያላት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ባሏን የቀበረች ሴት አስር ምን ቤቷ ነው? ለምን ተብሎ ይጠየቃላ! መዋሸት ደግሞ አላውቅበትም፣ ፊቴ ያሳብቅብኛል። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ዓይነት ከሆንን እኔም በመሃል እደበቃለሁ ብዬ ብድግ አልኩ።

ይታየው ነው፣ ልጄ። ጣሪያዬን ሲከድን ሦስት ቀን እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች ሆነን ሣር ሳቀብለው ዋልኩ። ጣሪያው አለቀ፣ ወሬያችን ግን አላለቀም። ሰውየው ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፤ አንዱን ነገር ጀምሮ እስኪጨርስ በጎቹ ይገባሉ። እኔ ግን መስማት አልሰለቸኝም። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጧት ስነሳ እንደ ልጃገረድ እዘፍናለሁ። እንግዲህ ሳቂብኝ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ስንታየሁ እፊቴ ተቀምጦ ነበር። ክስት ብሏል፤ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ ደስታዬን ሸሽጌ እሱ በሌብነት ይጠራ? አንጀቴ አልቻለም። በመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ መጋቢት 27፣ ጉባኤው ሲሰበሰብ ተነሳሁ። "ሰባትን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያመጣሁት አስር መሆኔን ለመሸሸግ ነው። አስር የሆንኩትም በይታየው ነው" አልኩ። ይታየው ከወንዶቹ መሃል ምርኩዙን ይዞ መሬት መሬት ያያል፤ ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል። ያን ግራጫ ሹራብ ለብሶ ነበር፤ ልክ ሆኖለታል።

አሁንስ አለቀልኝ ስል አቶ ወልደ ሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እንግዲያው የእኔም ሰባት ውሸት ነው" አሉ። "እኔ ሦስት ነኝ። ልጆቼ ሁሉ ከተማ ገብተው ቀርተዋል። ይሄው በቆርቆሮ ቤት ራቴን ብቻዬን እበላለሁ። በለጠች ሰባት ስትል ቶሎ ያጸደቅሁት ማንም እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው።" ማን ጠረጠረ፣ ልጄ! ሰማንያ በግ ስናይ ሰውየውን አላየናቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ራታቸውን ብቻቸውን በልተው አያውቁም፤ ተራ ይዘንላቸዋል። እሳቸውም "አሁንስ በዛችሁብኝ" እያሉ ይቆጣሉ።

ጉባኤው "ለዚህ ነገር እያንዳንዱ ለራሱ ይናገር" ብሎ ወሰነ፤ ቃሌም ተጽፎ ተፈረመበት። ከፋሲካ በኋላ ስንታየሁ ዳግም ዞረ። ሌላው ሰው ያለውን አላውቅም፤ በር ዘግቶ ነው የጠየቀው። እኔ ግን ሳይጨርስ "አስር" አልኩት።

አሁን የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት፣ እሷም ከባድ ናት። ይታየው ሽማግሌ ልላክ አለኝ። ወዴት ይላክ? አባቴ የለ፣ ወንድም የለኝ። ያለሁት በማዕረግ ቤት ነው፤ ወገኔም የማዕረግ ወገን ነው። አባትሽ እምቢ ካለኝ ይታየውን አላገባም። ለይታየውም ቁርጡን ነግሬዋለሁ፤ "ልክ ነሽ" ብሎኝ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ግን እህል አልበላ ብሎታል። ለአባትሽ ራሴ ልጽፍ ብዕር አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። አንቺ ንገሪልኝ። የሚልሽንም ሳታለሳልሺ ጻፊልኝ፤ እችለዋለሁ።

በለጠች


ኡትሬክት፣ ግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለእትዬ በለጠች፤ በእውነት ተንሥአ! እልል ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

ከስንታየሁ ልጀምር። ፕሮፌሰሩ የጉባኤውን ወረቀት ከነፊርማው ሲያዩ በራሳቸው እጅ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉለት። በስልክ ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። ለሚመጣው ዓመት ሥራም የሚቀጥሩት እሱን ነው።

አዲሶቹ መልሶች ከሁለት እስከ አስር ተዘርግተዋል። ብዙ ያለው ሰው በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ የተቸገረው ዝቅ ይላል፤ ችግር ደስ ይላል የሚል ሰው አላገኘሁም። ነገር ግን በጎቹና ገብሱ ስለ ሰው ደስታ የሚናገሩት ግማሹን ያህል እንኳ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አርባ ስምንት ሰባቶችም አልተጣሉም። ፕሮፌሰሩ "ለእነሱ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፊ" ብለውኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት ለአባባ መደወል ፈርቼ አሳደርኩት። በማግስቱ ደወልኩ። ስለ አየሩ አወራሁ፣ ስለ ጤናው አወራሁ፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። "ይታየው?" አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። "አባባ?" ስለው፣

"እስካሁን አላገባትም እንዴ?" አለኝ።

እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። ለካ የጋሼ ማዕረግ ሙት ዓመት አልፎ ይታየውም ሚስቱን ከቀበረ በኋላ አባባ ራሱ ወንዙን ተሻግሮ ሄዶ፣ "የወንድሜን ቤት እርሻ ያዝልኝ፤ ልባችሁ ከተግባባም እኔ እንቅፋት አልሆንም፤ ይህን ማለቴን ግን ለእሷ እንዳትነግር" ብሎት ኖሯል። "በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይመጣል እያልኩ እጠብቃለሁ" አለኝ። "ቀስ ያለ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ ስድስት ዓመት ግን! እሷንስ እንዴት ልጠይቃት? ከቤቴ ውጪ ያልኳት ይመስላታል ብዬ ፈራሁ።"

እትዬ፣ እርስዎና አባባ ስትፈራሩ ስድስት ዓመት አለፈ።

ሳታለሳልሺ ጻፊልኝ ብለውኛልና ያለኝን እንዳለ ልጻፍልዎ። ድምፁ ተለወጠ፤ ያ የጋሼ ማዕረግ ስም ሲነሳ የሚለወጠው ድምፁ። "ሽማግሌዎቹ ወንድም የላትም ብለው ወዲያ ወዲህ እንዳይሉ ንገሪያት" አለኝ። "ወደ ደብረ ብርሃን ይምጡ። በለጠች እህቴ ናት። የምድራት እኔ ነኝ።"

ልጅዎ አርሴማ